የፍሳሽ መስመር ሽታና የቱቦ መበላት፦ ለየትኛው መስመር የትኛው መፍትሔ?

የሰፈር ሰው ስለ ሽታ አቤት ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ የሚገዛው ሽታውን የሚሸፍን ነገር ነው። የማንሆል ክዳን ይታሸጋል። ሽታ ማጥፊያ ይረጫል። ወይም አየር ማስወጫው ላይ የከሰል ማጣሪያ ይገጠማል። አቤቱታው ይቆማል። ቱቦው ግን ከውስጥ መበላቱን ይቀጥላል፤ ክዳኑ ከታሸገ በኋላ እንዲያውም ይብስበታል።

ይህ ጽሑፍ ለመስመር ጥገና ኃላፊዎች፣ ለዲዛይን መሐንዲሶችና የራሳቸው ፓምፕ ላላቸው የኮንዶሚኒየምና የሪል እስቴት አስተዳደሮች ነው። ገበያው ላይ ያለው አማራጭ ብዙ ነው። አንዳንዱ ሽታውን ብቻ ያቆማል፣ አንዳንዱ ቱቦውን ብቻ ያድናል፣ ጥቂቶቹ ሁለቱንም ይሠራሉ። ሳይለዩ መግዛት ገንዘቡን ፍሳሽ ውስጥ መጣል ነው።

ጋዙ የት ይፈጠራል፣ የት ይወጣል?

የሚሸተው በዋናነት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ የገማ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ። የሚፈጠረው ከውሃው በታች፣ ቱቦው ግድግዳ ላይ በሚለጠፈው የሚያዳልጥ ዝቃጭ ውስጥ ነው። እዚያ ኦክስጅን አይደርስም። ባክቴሪያዎቹ በኦክስጅን ፈንታ ውሃው ውስጥ ያለውን ሰልፌት ይጠቀሙና ሰልፋይድ ይለቃሉ። ፍሳሹ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር ምርታቸው በግምት 7 በመቶ ይጨምራል። ቆላ ያለ መስመር ከደጋው ቶሎ የሚሸተው ለዚህ ነው።

ሰልፋይዱ ውሃው ውስጥ እስካለ ድረስ አይሸትም፤ ከውሃው በላይ ያለውን ኮንክሪትም አይነካም። ጣጣው ሲወጣ ነው። ፍሳሹ ከከፍታ ሲወድቅ፣ ሲናጥ፣ ከፓምፕ የግፊት መስመር (ፓምፑ ፍሳሹን ከሚገፋበት የተሞላ ቱቦ) ወጥቶ ማንሆል ውስጥ ሲዘረገፍ ጋዙ ወደ አየር ይለቀቃል። ከውሃው በላይ ባለው እርጥብ ግድግዳ ላይ ደግሞ ሌሎች ባክቴሪያዎች ይጠብቁታል። ከኦክስጅን ጋር አዋሕደው ሰልፈሪክ አሲድ ያደርጉታል። የአውስትራሊያው ተመራማሪ ፓርከር የእነዚህን ባክቴሪያዎች ሚና ከሜልበርን የፍሳሽ ቱቦዎች ተነሥቶ ያሳየው በ1945 እ.ኤ.አ. ነው። ቱቦው ከሥሩ ሳይሆን ከጣራው የሚበላበት ምክንያት ይኸው ነው።

አዲስ ኮንክሪት ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይበረታል) 12 እና 13 አካባቢ ነው። አሲዱ ቀስ በቀስ ወደ 2 እና ከዚያም በታች ያወርደዋል። ያን ጊዜ ሲሚንቶው ወደ ጂፕሰም ይቀየራል። ክዳኑን ከፍታችሁ ከላይ ሆናችሁ በባትሪ ብታዩ፣ ግድግዳው እንደ ራሰ ጠመኔ ነጥቶና ላልቶ ታገኙታላችሁ። በረጅም ዘንግ ጫፍ ጫር ብታደርጉት ይላጣል። ጠጠሩ አፍጥጦ ወጥቷል። የመውረጃ ብረቶቹ መሐላቸው ቀጥኗል። የዚህን ደረጃ ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የፒኤች ወረቀት ዘንግ ጫፍ ላይ አስራችሁ እርጥቡን ግድግዳ አስነኩት። ከ6 በላይ ካነበበ ጊዜ አላችሁ። ከ4 በታች ከሆነ አሲዱ ሥራ ላይ ነው። 2 ከሆነ ጥገናውን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት አታሳድሩት።

አንድ ነገር ላይ ግን ቀልድ የለም። ማንሆል ውስጥ በጋዝ መለኪያ ሳትለኩ፣ ያለ ማናፈሻ፣ ያለ መጎተቻ ገመድና ያለ ሠለጠነ ቡድን ማንም እንዳይገባ። የሰው አፍንጫ ይህን ጋዝ ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በታች ሆኖም ይለየዋል። 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ ግን ማሽተት ያቆማል፤ ይህ መጠን ራሱ ለሕይወት ፈጥኖ አስጊ ተብሎ የተመደበ ነው። «ሽታው ጠፋ» ያለው ሠራተኛ ከሁሉ የባሰው አደጋ ላይ ነው። የወደቀውን ሊያወጣ ተከትሎ የሚገባው ባልደረባም ብዙ ጊዜ አብሮ ይቀራል። ከአየር ስለሚከብድ ጋዙ ከታች ይተኛል። እባካችሁ፣ የቀን ሠራተኛ በገመድ ብቻ አታውርዱ።

ከመግዛት በፊት የምትሠሩት ሒሳብ

ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል። የመጀመሪያው ፍሳሹ የግፊት መስመሩ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ዲያሜትሩ 200 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 1.5 ኪሎ ሜትር የሆነ መስመር 47 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። በቀን የሚገባው 200 ሜትር ኩብ ከሆነ፣ ፍሳሹ በአማካይ ከ5 ሰዓት ተኩል በላይ ውስጥ ይቆያል። ሌሊት ደግሞ ይረዝማል። ከ2 ሰዓት ካለፈ ሰልፋይድ ይኖራል ብላችሁ ተነሡ። ሰው ገና ባልሞላባቸው አዳዲስ ሰፈሮች ይህ ቁጥር በጣም ይረዝማል፤ ቱቦው የተዘረጋው ለሙሉ ነዋሪ ነው፣ የሚፈሰው ግን የጥቂቱ ነው።

ሁለተኛው በመስመሩ መውጫ ላይ የሟሟ ሰልፋይድ መጠን ነው። ናሙናው ሳይናጥ፣ እዚያው ቦታው ላይ መለካት አለበት፤ ላቦራቶሪ እስኪደርስ ጋዙ ይበናል። 5 ሚሊ ግራም በሊትር ቢወጣ፣ ለ200 ሜትር ኩቡ በቀን 1 ኪሎ ሰልፋይድ ማለት ነው። ከዚህ በታች የማወዳድራቸው ኬሚካሎች በሙሉ በዚህ 1 ኪሎ ላይ ይመዘናሉ። ሻጩ በሊትር ዋጋ ሲነግራችሁ ወደዚህ መልሱት፦ አንድ ኪሎ ሰልፋይድ ለማጥፋት ስንት ብር?

ከኬሚካል በፊት በነፃ ወይም በርካሽ የሚስተካከል ነገር አለ። ፍሳሹ ከከፍታ እየወደቀ ማንሆል ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ቱቦውን እስከ ውሃው ወለል ዝቅ አድርጉት። የሚናጥ ውሃ ጋዝ ይለቃል፤ በዝግታ የሚገባ ውሃ ብዙውን ይዞ ይሄዳል። የፓምፕ ጉድጓዱ ብዙ ፍሳሽ አጠራቅሞ ከመግፋት ጥቂት ጥቂት ቶሎ ቶሎ እንዲገፋ የመነሻ ደረጃውን ዝቅ ማድረግም ይረዳል፤ ብቻ ፓምፑ በሰዓት ስንት ጊዜ እንዲነሣ እንደሚፈቀድለት አይታችሁ። ጉድጓዱ ላይ የተጋገረውን ስብና ደለል ማስወጣት ራሱ ግማሽ ሥራ የሚሆንበት ቦታ አለ።

ውሃው ውስጥ የሚጨመሩት

ናይትሬት የኔ የመጀመሪያ ምርጫ ነው፤ ግን ለረጅም የግፊት መስመርና ከመነሻው ላይ ለሚጨመር ብቻ። ባክቴሪያዎቹ ናይትሬት ካገኙ ሰልፌቱን ይተዉታል። ስለዚህ ሰልፋይድ ከመፈጠሩ በፊት ይከለክላል፣ የተፈጠረውንም ይበላል። በስሌት ለ1 ኪሎ ሰልፋይድ 3.1 ኪሎ ናይትሬት ያስፈልጋል፤ በሥራ ላይ የግድግዳው ዝቃጭ ራሱም ስለሚበላው የበለጠ ይሄዳል። ጥሩ ጎኑ አደገኛ አለመሆኑ ነው። ካልሲየም ናይትሬት የአበባ እርሻዎች በጠብታ መስኖ የሚጠቀሙበት ማዳበሪያ ስለሆነ ለገበያውም እንግዳ አይደለም። መጥፎ ጎኑ ካቋረጣችሁት ሰልፋይዱ ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል። ከመጠን በላይ ከጨመራችሁ ደግሞ ትርፉ እስከ ፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያው ይደርሳል። ማጣሪያው፣ እንደ አዲስ አበባው የቃሊቲ ጣቢያ፣ ኦክስጅን ሳያስፈልገው የሚሠራ ደረጃ ካለው፣ ትርፍ ናይትሬት እዚያ አይፈለግም።

የብረት ጨው፣ ማለትም ፌረስ ወይም ፌሪክ ክሎራይድ፣ የተለየ ጠባይ አለው። ሰልፋይዱ እንዳይፈጠር አያደርግም። የተፈጠረውን ይይዝና ጥቁር ደለል ያደርገዋል። በፌረስ በስሌት ለ1 ኪሎ 1.75 ኪሎ ብረት ይበቃል፤ በሥራ ላይ ጨምሩበት። ፌሪክ ክሎራይድ 40 በመቶ በሆነ ፈሳሽ ከተሸጠላችሁ ውስጡ ያለው ብረት 14 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ በሊትር ሳይሆን በብረቱ ኪሎ ገምግሙ። የብረት ትልቁ ብልጫ ከቱቦው በኋላም ማገልገሉ ነው። ማጣሪያው ላይ ፎስፈረስ ለማስወገድ ይረዳል፣ ከባዮጋዙም ሰልፋይድ ይቀንሳል። ስለዚህ መስመሩና ማጣሪያው የአንድ ተቋም ሲሆኑ እኔ ወደ ብረት አደላለሁ፤ አንዱ ወጪ ሁለት ቦታ ይሠራል። ችግሩ ፈሳሹ አሲድ ነው። ተራ ብረትን ቀርቶ ስቴንለስ ስቲልንም ይበላል፤ ታንኩና ቱቦው ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ግላስ መሆን አለበት። የፍሳሹ ፒኤች ዝቅ ካለ ደግሞ ብረቱ ሰልፋይዱን በደንብ አይዝም። ቢራ ፋብሪካ ወይም ሌላ አሲዳማ ፍሳሽ የሚለቅ ድርጅት መስመሩ ላይ ካለ መጀመሪያ ፒኤቹን ለኩ።

ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ሰልፋይዱን አያጠፋውም፤ ውሃው ውስጥ አስሮ ያቆየዋል። ፒኤች 7 ላይ ከሟሟው ሰልፋይድ ግማሽ ያህሉ ለመብነን ዝግጁ ነው። 8 ላይ 10 በመቶ ያህሉ ብቻ። 9 ላይ 1 በመቶ። ማግኒዚየሙ ፒኤቹን ወደ 8.5 እና 9 ያወጣና እዚያው ይይዘዋል፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም፤ ለሠራተኛም እንደ ኮስቲክ ሶዳ አይፋጅም። ዓይነ ግቡ መፍትሔ ነው። ግን መስመራችሁ ከሌላ ትልቅ መስመር ጋር ተቀላቅሎ ፒኤቹ መልሶ ከወረደ፣ ታስሮ የነበረው ጋዝ እዚያ ይለቀቃል። ሽታውን ከእናንተ ሰፈር ወደ ታችኛው ሰፈር አዛወራችሁት ማለት ነው። ታንኩ ውስጥም ይዘቅጣል፤ ማማሰያ ከሌለው ቱቦውን ይደፍናል። «ኖራ እኮ አገር ውስጥ አለ፣ ለምን እሱን አንጠቀምም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ፒኤች ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን ቱቦው ውስጥ ይጋገራል፤ ለቋሚ አገልግሎት አልመክረውም።

ኮስቲክ ሶዳ ለአነስተኛ የግፊት መስመር የተለየ መንገድ ይሰጣል። ያለማቋረጥ ሳይሆን በአንድ ጊዜ ይጨመራል፤ ፒኤቹን ከ12.5 በላይ አውጥቶ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ዝቃጩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች ይመታሉ። ውጤቱ ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ ይደገማል። ቋሚ ማሽን ማንቀሳቀስ ለማይችል አስተዳደር ይመቻል። ዓይንና ቆዳ ግን ያቃጥላል፤ መነጽርና ጓንት የሌለው ሰው እንዳይነካው። ትንሽ ማጣሪያ ላይ በቀጥታ ከገባ ደግሞ የማጣሪያውን ባክቴሪያዎች ይገድላቸዋል። የራሳቸው ትንሽ ማጣሪያ ያላቸው የኮንዶሚኒየም ግቢዎች ይህን ልብ ይበሉ።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ፈጣን ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ሰልፋይዱን ይቀይራል። በስሌት ኪሎ ለኪሎ ነው፣ በሥራ ላይ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሄድ ይችላል። ቶሎ ስለሚያልቅ ከመነሻው መጨመር ዋጋ የለውም፤ ቦታው ከመውጫው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። የተከማቸ ፐርኦክሳይድ ቆሻሻ ከገባበት ይፈላል፣ እሳትም ያስነሣል። የሠለጠነ ሰው ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። ክሎሪን ወይም በረኪና ደግሞ ፍሳሹ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ስለሚያጠቃ ለ1 ኪሎ ሰልፋይድ 9 ኪሎ ገደማና ከዚያ በላይ ክሎሪን ይፈጃል። ለአንድ ቀን ድንገተኛ ችግር እንጂ ለዓመት አይሆንም።

አየር ወይም ኦክስጅን ወደ ግፊት መስመሩ ማስገባት ኬሚካል መግዛትን ያስቀራል። መስመሩ ወደ ላይ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጥሩ ነው። ወጣ ገባ ከሆነ ግን የአየሩ ናይትሮጅን ከፍታዎቹ ላይ ይጠራቀምና ፓምፑን ያስቸግራል፤ ባዶው ቦታ ላይም አሲድ ይጀምራል። በአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ እያንዳንዱ ሊትር አየር የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ከውጭ የመጣ ካታሎግ ላይ ያለውን የኮምፕረሰር ቁጥር እንዳለ አትውሰዱት።

አየሩን ማጣራት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን፤ አየር ማጣራት ለጎረቤት ነው፣ ለቱቦ ብዙ አይደለም። አክቲቬትድ ካርቦን ጋዙ ዝቅተኛ ለሆነበት ቦታ ጥሩ ነው። ጋዙ ከበዛ ከሰሉ ቶሎ ይጠግባል፣ ቀያሪም ካልተመደበለት ጌጥ ሆኖ ይቀራል። የእንጨት ስብርባሪና ኮምፖስት የተሞላ ባዮፊልተር ለፓምፕ ጣቢያ የምወደው ነው። አየሩ ውስጡ ግማሽ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ እንዲቆይ ቦታ ይፈልጋል፣ እርጥበቱም መጠበቅ አለበት፤ በበጋ ውሃ ካላጠጡት ይሞታል። በኬሚካል የሚያጥብ ስክራበር ለትልቅ ማጣሪያ መግቢያ ነው። መዓዛ የሚረጩትን ግን ከዝርዝራችሁ አውጡ።

ማሸግ ብቻውን አይሠራም። የታሸገ ጋዝ ሌላ መውጫ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው የሰው ቤት ነው። ከሲንክና ከመታጠቢያ ወለል ሥር ያለው ውሃ የሚቋጥር ጠማማ ቱቦ ከደረቀ ሽታው በዚያ ይገባል። ማንም የማይኖርበት ቤት ውስጥ ሽታ ካለ፣ ሌላ ሳታስቡ መጀመሪያ አንድ ባልዲ ውሃ ወለሉ ማፍሰሻ ላይ አፍስሱ።

ግድግዳውን መከላከል

አዲስ መስመር የምትዘረጉ ከሆነ ምርጫው ቀላል ነው። ፒቪሲ፣ ኤችዲፒኢ፣ ፋይበር ግላስና የተተኮሰ ሸክላ ይህ አሲድ አይበላቸውም። የግፊት መስመር በሚዘረገፍበት ማንሆልና ከዚያ በታች ባሉት ጥቂት ማንሆሎች ላይ ባዶ ኮንክሪት አትጠቀሙ። ሌላው መስመር ኮንክሪት ቢሆን እንኳ እነዚያን ለዩአቸው።

«ሰልፌት የሚቋቋም ሲሚንቶ እንጠቀም» የሚለው ሐሳብ በጨረታ ሰነድ ላይ ይገባል። ያ ሲሚንቶ አፈር ውስጥ ላለ ሰልፌት ነው የተሠራው። እዚህ ያለው ጠላት አሲድ ነው፤ አሲድ ደግሞ ማንኛውንም የተለመደ ሲሚንቶ ይበላል። የበለጠ ለውጥ የሚያመጣው ጠጠሩ ነው። የኖራ ድንጋይ ጠጠር ራሱ አሲዱን ያረክሳል፤ ስለዚህ አሲዱ በሲሚንቶውና በጠጠሩ ላይ ተከፋፍሎ በዝግታ ይበላል። አዲስ አበባ ዙሪያ የምንፈጨው ግን በአብዛኛው ባዛልት ነው። ባዛልት ጠንካራ ነው፣ አሲዱን ግን አያረክስም፤ ሸክሙ በሙሉ ሲሚንቶው ላይ ይወድቃል። የቱቦ አምራች ስትመርጡ ጠጠሩ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ።

ያለውን ለማዳን ከሆነ ኢፖክሲ፣ ካልሲየም አሉሚኔት ሞርታር፣ ወይም ቱቦው ውስጥ የሚጠነክር ሽፋን አለ። ኢፖክሲ ጥሩ ነው፤ ግን የላላው ኮንክሪት እስከ ጠንካራው ድረስ ካልተነሣና ግድግዳው ካልደረቀ በአጭር ጊዜ ይላጣል። አንዲት የመርፌ ቀዳዳ ብትቀር አሲዱ በዚያ ገብቶ ከኋላ ይበላል። ስለዚህ ከቀለሙ ጥራት የግድግዳው ዝግጅት ይበልጣል። ካልሲየም አሉሚኔት እርጥበትን ይችላል፣ ለማንሆል ጥገናም ይመቻል፤ አሲዱን የሚያዘገይ እንጂ የማይበላ አይደለም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የቱቦውን ጣራ በማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ መርጨት ለዓመታት ተሠርቶበታል፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን አሲድ ሠሪዎች ይገድላል፣ ከጊዜ በኋላ ግን ይደገማል።

ከምንጩ

በሎስ አንጀለስ አካባቢ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ፋብሪካዎች ብረታ ብረት ወደ ፍሳሽ እንዳይለቁ ከተደረገ በኋላ የቱቦው መበላት ፈጠነ። ብረታ ብረቱ ሰልፋይዱን ይይዝ፣ ባክቴሪያዎቹንም ይገታ ነበር። ሕጉ ትክክል ነው፤ ውጤቱ ግን ማንም ያልጠበቀው ነበር። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ የተሠራና በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ፍሳሹ ውስጥ ካለው ሰልፌት ግማሽ ያህሉ ከመጠጥ ውሃ ማጣሪያው አሉም፣ ማለትም ከአልሙኒየም ሰልፌት፣ እንደሚመጣ አሳየ። አሉም በእኛም አገር የተለመደ ነው። የመጠጥ ውሃውና የፍሳሹ መሥሪያ ቤት አንድ በሆነበት ከተማ ሰልፌት የሌለው ማጣሪያ ኬሚካል ማወዳደር ከቱቦው ወጪ ጋር አብሮ መታሰብ አለበት። ቆዳ ፋብሪካ ላለበት መስመር ግን ከሁሉ ነገር ይቅደም የምለው አንድ ነው፦ ፀጉር መመለጫው ሰልፋይድ ራሱ ነውና ከግቢው ሳይወጣ እዚያው ይታከም። ከአሲዳማ ፍሳሽ ጋር ከተገናኘ የሚለቀው ጋዝ ሰው ይገድላል።

የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሌላ መንገድ ሄደዋል። ምድሩ ሜዳ፣ ፍሳሹ ትኩስ ስለሆነ ብዙ ፓምፕ ጣቢያ ነበራቸው። አቡ ዳቢ 41 ኪሎ ሜትር ጥልቅ ዋሻ ቆፍሮ ፍሳሹ በራሱ ስበት እንዲወርድ በማድረግ ከ30 በላይ ጣቢያዎችን ለመተካት ተነሣ። እንደ አዲስ አበባ ተዳፋት ያለው ከተማ ይህን ስበት በነፃ አግኝቶታል። አዲስ መስመር ሲነደፍ ጥቂት ሜትር ቁፋሮ ለመቆጠብ ተብሎ ፓምፕ ሲገባ፣ የዚያ ፓምፕ ሰልፋይድ ለ30 ዓመት እንደሚከፈል ሒሳቡ ውስጥ ይግባ።

እና ምን ልግዛ?

ረጅም የግፊት መስመር ካላችሁና ማጣሪያው የእናንተ ከሆነ፦ ብረት። ማጣሪያው የሌላ ከሆነና የሠለጠነ ሰው ጥቂት ከሆነ፦ ናይትሬት ከመነሻው። ለአነስተኛ የግቢ ፓምፕ፦ መጀመሪያ ጉድጓዱን ማጽዳትና የፓምፑን ደረጃ ማስተካከል፤ ካልበቃ ኮስቲክ በየሁለት ሳምንቱ፣ ማጣሪያው ከቻለ። መስመሩ በሙሉ በስበት የሚወርድና የሚሸተው አንድ ማንሆል ብቻ ከሆነ ኬሚካል አትግዙ፤ የሚናጥበትን ቦታ አስተካክላችሁ የዚያን ማንሆል ግድግዳ አሲድ በሚችል ሽፋን ልበጡት። ግድግዳው ፒኤች 2 ላይ ከደረሰ ደግሞ የትኛውም ኬሚካል የተበላውን አይመልስም፤ ሽፋኑና ኬሚካሉ አብረው ይሂዱ።

ጨረታ ስታወጡ የምርቱን ስም አትጻፉ። በመስመሩ መውጫ ላይ የሟሟ ሰልፋይዱ ከስንት በታች እንዲሆን እንደምትፈልጉ ጻፉ፣ ክፍያውንም ከእሱ ጋር እሰሩ። ሻጩ ቢያንስ የአንድ ወር ሙከራ በእናንተው መስመር ላይ ያሳይ። ልኬቱ ቀንና ሌሊት ይሁን፤ ብዙውን ጊዜ ጋዙ የሚበዛው ሌሊት ያደረው ፍሳሽ ጠዋት ሲገፋ ነው። ከቀኑ በ8 ሰዓት ብቻ የተለካ ውጤት አትቀበሉ።